«ዙሩ ከረረ» ከየት መጣ? ከኦሎምፒክ ወደ ሰፈራችን የገቡ አባባሎች

የከዚራ ልጅ፦

ሰላም ለቤቱ። ዛሬ ለውይይት የማቀርበው «ዙሩ ከረረ» የሚለውን ነው። እዚህ ድሬ ላይ የቤት ኪራይ ሲጨምር ይባላል። ፈተና ሲደርስ ይባላል። ሠርግ ላይ ጭፈራው ሲግል ደግሞ «ዙሩን አክርረው!» ይባላል። ብዙ ወጣቶች የአራዳ ቋንቋ ብቻ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ልጅ ሆኜ የሰማሁት ከሩጫ ዘገባ ነው።

በ10,000 ሜትር ሯጩ 25 ዙር ይዞራል፤ በ5,000 ደግሞ 12 ተኩል። መጀመሪያ ላይ ዙሩ ላላ ይላል። ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። ከዚያ አንዱ ከፊት ይወጣና ፍጥነቱን ይጨምራል። ያኔ ዘጋቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዙሩ ከረረ!» ይላል።

ከረረ የክር ቃል ነው። ክር ሲጠመዘዝ ይከራል። የክራር ጅማት ሲወጠር ይከራል። ጠብ ይከራል፣ ፀሐይም ይከራል፤ የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። «አክራሪ» የሚለውም ከዚሁ ቤት ነው። ስለዚህ «ዙሩ ከረረ» ማለት «ፈጠነ» ማለት ብቻ አይደለም። ተወጠረ፣ አሁን የሚበጠስ ሰው አለ ማለት ነው። ሲከር ይበጠሳል ይባል የለ? እውነትም ዙሩ ሲከር የኋላዎቹ አንድ በአንድ ይንጠባጠባሉ። ሩጫን ከዚህ በተሻለ የሚገልጽ ቃል በየትኛውም ቋንቋ አለ ብዬ አላምንም።

ሌላስ ኦሎምፒክ ለአማርኛችን ምን ሰጠ? አምጡ እስቲ።

ደንገጎ፦

አቦ ይመችህ! እኔ «ማርሽ ቀያሪው»ን ይዤ መጥቻለሁ። የምሩፅ ይፍጠር ስም ነው። ታሪኩን ለማያውቁ ልጆች ባጭሩ ልበል።

ምሩፅ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ወርቅ ይጠበቅ ነበር። ግን የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወዳለባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተና ኒውዚላንድ ከውድድሩ ስላልታገደች፣ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ቀሩ። ኢትዮጵያም ቀረች። ምሩፅ አራት ዓመት ጠበቀ። በ1980 ሞስኮ ላይ ከመሐመድ ከድርና ከቶሎሳ ቆቱ ጋር ሆኖ 10,000ውን ሮጠ። ሦስቱ እየተፈራረቁ ዙሩን ሲያከሩት ሲያላሉት፣ በ1972ም በ1976ም ያሸነፈው ፊንላንዳዊ ላሲ ቪረን ተበጠሰ። መጨረሻው ዙር ላይ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ምሩፅ ተፈተለከ። ማንም አልተከተለውም። መሐመድ ነሐስ ወሰደ። ከቀናት በኋላ ምሩፅ 5,000ውንም ደገመው።

አሁን ጥያቄዬ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከድሬ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ማርሽ ይቀንሳል፣ ጉልበት እንዲያገኝ። ሜዳው ላይ ሲደርስ ይጨምራል፣ እንዲፈጥን። ሁለቱም «ማርሽ ቀየረ» ነው። ታዲያ ምሩፅ ቀነሰ ወይስ ጨመረ? ደግሞስ ማርሽ የማን ቃል ነው?

ጀጎል፦

ልጄ ደንገጎ፣ ደህና ጥያቄ ነው። ከሁለተኛው ልጀምር። በጣልያንኛ የመኪና ማርሽ «ማርቻ» ነው። በፈረንሳይኛ የኋላ ማርሽ «ማርሽ አርየር» ይባላል። እናንተ የድሬ ልጆች፣ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሳችሁ ጀምሮ ፈረንሳይኛ በጆሯችሁ ገብቷል። «ለገሃር»ን ያስቀረላችሁ እሱ ነው። ማርሽም በድምፁ ወደ ፈረንሳይኛው ያደላል። ሜዳልያ ግን ጣልያንኛ ነው፤ አነጋገሩ ራሱ ይመሰክራል።

ወደ ምሩፅ ስመለስ፣ ቀነሰ ወይስ ጨመረ የሚለውን ቃሉ ራሱ ትቶታል። ያነሳው መለወጡን ነው። ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ ለአፍታ ይተነፍሳል፤ ወዲያው ሌላ አቅም ይመጣል። መኪናው ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው። 24 ዙር አብረኸው ስትሮጥ የማታየው አቅም በ25ኛው ላይ ይወጣል። ለዚህ ነው ዛሬ ከሱቅ ወደ እርሻ የዞረ ነጋዴም «ማርሽ ቀየረ» የሚባለው። ፈጠነ ለማለት አይደለም።

እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ሌላ ቃል ነው። «የኦሎምፒክ ጨዋታዎች» እንላለን። ግሪኮቹ ግን ጨዋታ ብለውት አያውቁም። በነሱ ቋንቋ «አጎን» ነው፤ ፍልሚያ፣ ውድድር ማለት ነው። «አትሌት» የሚለውም ለሽልማት የሚታገል ማለት ነው፤ ሽልማቱ «አትሎን» ይባላል። «ስታድየም» ደግሞ መጀመሪያ የርቀት ስም ነበር። ኦሎምፒያ ላይ 192 ሜትር ያህል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 በተመዘገበው የመጀመሪያ ውድድር ኮሮይቦስ ያሸነፈው ያችን አጭር ሩጫ ነው። ስለዚህ «የኦሎምፒክ ውድድር» ስንል ወደ ግሪኩ እንቀርባለን። «ጨዋታ» በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስሙን ከኦሊምፐስ ተራራ ጋር የሚያያይዙ አሉ። ውድድሩ የተጀመረው ግን በደቡብ ግሪክ ባለችው በኦሎምፒያ ነው። ተራራው ሩቅ ሰሜን ነው።

ከቀፊራ፦

ጋሼ ጀጎል፣ እጅዎ ይባረክ። ግን «ጨዋታ»ን እንዲህ በቀላሉ አልለቅም። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ሁለተኛ የወጣችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ኢላና ሜየር ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ከ1960 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለሰችበት ኦሎምፒክ ነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ሩጫው ውድድር ነበር። እሱ ሲያልቅ የመጣው ግን በኛ አማርኛ ጨዋታ ነው። እኛ እኮ ቁጭ ብሎ ማውራትንም ጨዋታ እንላለን። ስለዚህ ቃሉ በእንግሊዝኛ በኩል ቢመጣም እኛ ጋ ሲደርስ የራሱን ትርጉም አግኝቷል።

እኔ ደግሞ ወርቅና ብርን አመጣለሁ። ቀፊራ ገበያ «ብር» ሲባል ገንዘብ ነው፤ ሜዳልያ ማንም አያስብም። «ብር አመጣች» ሲባል እናቴ «ስንት?» ብላ ትጠይቃለች። ታሪኩ ደግሞ ይገርማል። ኩበርተን ያነሳሳው አዲሱ ኦሎምፒክ እ.ኤ.አ. በ1896 አቴንስ ላይ ሲጀመር አንደኛ የወጣ ሰው የሚሸለመው ብር ነበር። ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ የሚለው ቅደም ተከተል የመጣው በ1904 ሴንት ሉዊስ ላይ ነው። ሙሉ ወርቅ የሆነው ሜዳልያ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ1912 ስቶክሆልም ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ውስጡ ብር ነው፤ ወርቁ ከላይ የተቀባ ነው።

እስቲ አስቡት። በቅኔያችን ሰሙ ከላይ ነው፣ ወርቁ ውስጥ። በሜዳልያው ወርቁ ከላይ ነው፣ ብሩ ውስጥ።

ደንገጎ፦

ወላሂ ይሄን አላውቅም ነበር። ሁለተኛ ወጥቶ የሚያለቅስ ሯጭ ሳይ ይህን ልነግረው ነው።

ደቻቱ ማዶ፦

እኔ የማነሳው ቃል ይከብደኛል። «አረንጓዴው ጎርፍ»።

አረንጓዴ ማሊያ የለበሱ ልጆቻችን ሦስትና አራት ሆነው ከፊት ሲወጡ ዘጋቢዎች እንዲህ ይላሉ። ኦሎምፒክ ባይሆንም እ.ኤ.አ. በ2005 በሄልሲንኪው የዓለም ሻምፒዮና በሴቶች 5,000 ሜትር ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት የኛ ነበሩ። ያን ቀን ከዚህ ሌላ ቃል የሚገኝ አይመስልም። ይገባኛል። ኩራቱም ይገባኛል።

ግን እኔ ያደግሁት ከደቻቱ ዳር ነው። ደቻቱን የማታውቁ፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ከደጋ በወረደ ውኃ ሞላ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑ «ጎርፉ መጣ! ጎርፉ መጣ!» ሲል እናቴ ተነስታ ትወጣለች። ድሉን ጠልታ አይደለም።

ቃሉ ይከልከል አልልም። ግን ምሳሌው ራሱ ልክ ነው ወይ? እስቲ በዚያ በኩል እዩልኝ።

የከዚራ ልጅ፦

ደቻቱ ማዶ፣ እናትህን እግዚአብሔር ያጽናልን። ያን ሌሊት ድሬ ውስጥ የነበረ ሰው አይረሳውም።

ምሳሌውን አየሁት። ዘጋቢዎቹ የፈለጉት ብዛቱንና መግታት አለመቻሉን ነው። እዚያ ድረስ ልክ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ የሆነውን አስታውሱ። በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረሥላሴ ጉዳት ይዞት ወደኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ፍጥነታቸውን ቀንሰው ወደኋላ እየዞሩ ያዩት ነበር። እንዲደርስባቸው ጠበቁት። አልቻለም። ከዚያ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ።

ጎርፍ ሰው አይጠብቅም። እነዚህ ጠብቀዋል። ስለዚህ ለኔ ቃሉ እዚህ ላይ ይጎድላል። የኛ ሯጮች ትልቁ ጉልበት አብሮ መሮጥ ነው፤ አንዱ ዙሩን ያከራል፣ ሌላው ይጨርሳል። እኔ «አረንጓዴዎቹ» ብዬ መተው እመርጣለሁ። ስለ አንድ ቃል ብሎ የአንድ እናት ልብ አይደማም።

ጀጎል፦

ከጎርፍ ወደ እሳት ልውሰዳችሁ። «የኦሎምፒክ ችቦ» የሚለው ትርጉም በጣም የተሳካ ነው እላለሁ። እሳት በስታድየም የነደደው መጀመሪያ በ1928 አምስተርዳም ነው። ከኦሎምፒያ ተለኩሶ በሯጮች ቅብብል መሄድ የጀመረው ደግሞ በ1936ቱ በርሊን ነው። የነሱ ችቦ አንድ የብረት ዘንግ ነው። የኛ ብዙ ጭራሮ ታስሮ የሚነድ ነው። እነሱ አንዱን በየተራ ይይዛሉ፤ እኛ ሁላችንም የየራሳችንን ይዘን እንወጣለን።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ቀኑ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ነበር። በኛ ስትቆጥሩት ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ማራቶኑ ፀሐይ ስትጠልቅ ተጀምሮ በጨለማ ነው ያለቀው። በጥንቱ የአፒያ መንገድ ላይ የጣልያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው መንገዱን ያበሩ ነበር። በዚያው ምሽት እዚህ አገር ቤት ልጆች «ኢዮሃ አበባዬ» እያሉ ችቦ ያበሩ ነበር። አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። በመንገዱ ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ቆሞ ነበር።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ችቦ የሚለውን ቃል ትርጉም መጠየቅ ይተዋሉ።

ሳቢያን፦

ጋሼ፣ ጳጉሜ 5 መሆኑን ከዛሬ በፊት አስልቼው አላውቅም። አስለቀሰኝ።

አንድ ትንሽ ነገር ጠይቄ ልውጣ። «ክብረ ወሰን ሰበረ» ነው ወይስ «አሻሻለ»? ወሰን በአማርኛ ይገፋል፣ ይጣሳል፣ ይካለላል። ሲሰበር አልሰማሁም።

ደንገጎ፦

ልክ ነህ፣ ወሰን አይሰበርም። «ሰበረ» ከ«ሪከርድ ሰበረ» ጋር የመጣ ነው። «ወሰን ገፋ» እንዳንል ደግሞ ገበሬው ጋ ወንጀል ነው፤ ሰው ይገዳደልበታል። ለዚህ ይመስለኛል ሬዲዮ «አሻሻለ»ን የመረጠው።

ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ አልማዝ አያና 10,000ውን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ስትጨርስ፣ ከ1993 ጀምሮ የቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ የነበረውን ሰዓት በ14 ሰከንድ በላይ ነው ያለፈችው። 23 ዓመት ማንም ያልነካው ሰዓት ነው። «አሻሻለች» ብል ያንስብኛል። ወሰኑ ባይሰበርም ለዚያ ሩጫ «ሰበረች» እላለሁ። ለተቀረው «አሻሻለ» ይበቃል።