የኮረምን ዘገባ ለእንግሊዝኛ ክፍል እየጻፍኩበት ነው፤ አያቴን ላስገባት ወይስ ልተዋት?

የላስታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለእንግሊዝኛ ኮርስ የ500 ቃል ሪፍሌክሽን ጻፉ ተብለናል። ከ15 ይያዛል፣ ሐሙስ እናስረክባለን። ርዕሱ ሚዲያ፣ ሥነ ምግባርና ውብ ቋንቋ ነው። መግቢያውን ብቻ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህራችን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የማይክል በርክን የኮረም ረሃብ ዘገባ በወረቀት አባዝቶ አደለን። በቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የተላለፈው ነው። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ ጎህ ሲቀድ፣ ከኮረም ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ፀሐይ ሰርስሮ የሚገባውን የሌሊት ብርድ ጥሳ ስትወጣ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ቅዱሳዊ ረሃብ ታሳያለች።

መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ ክፉ እንዳይመስላችሁ። «ዓረፍተ ነገሩን እዩት፣ ዋናው ነገር እስኪመጣ ድረስ እንዴት አድርጎ እንደሚያስጠብቃችሁ» አለን። ከዚያ ቅጽሎቹን አስምሩ አለ። ሃምሳ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ማስመር ጀመረ። እኔም ብርዱን የሚገልጸውን ቃል አሰመርኩ። ከዚያ በኋላ እጄ አልሄድ አለኝ።

አያቴ እዚያ ሜዳ ላይ ነበረች። ከላስታ በእግሯ ነው የሄደችው፣ አንድ ልጅ አዝላ፣ አንዱን በእጇ ይዛ። የያዘችው አባቴ ነው። ያዘለችው እዚያው ቀረ። ቤታችን ውስጥ ረሃብ የሚል ቃል እንኳ አይነሳም፤ «ሰባ ሰባት» ነው የሚባለው፣ እሱም ቀስ ተብሎ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰው እየሞተ እንዲህ ያማረ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነውር አይደለም? ወይስ እኔ ነኝ የምነጫነጨው? ሁለተኛው ይብሳል። አያቴን ካስገባኋት ጽሑፉ እንደሚያምር አውቃለሁ። መምህሩም እንደሚያዝን አውቃለሁ። 15 ከ15 አገኛለሁ። ታዲያ እኔስ ከሰውዬው በምን ተለየሁ?

ጠመኔ

እህቴ፣ 11 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ቅጽል አስምሩ እያልኩ ያደከምኳቸው ልጆች ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ነውሩን ከቅጽሉ ላይ አትፈልጊ። ባለቤቱ ላይ ፈልጊ። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ናት? ፀሐይ። የወጣችውም ያሳየችውም እሷ ናት። ረሃቡ ግን ባለቤት የለውም። ከሰማይ የወረደ ይመስላል፤ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ሲባል ደግሞ ጭራሽ የእግዜር ሥራ ይሆናል። ያ ዘገባ ከመተላለፉ ከአንድ ወር በፊት ግን አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ከፍ ባለ ወጪ ተከብሯል። ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር። ይህ ሁሉ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ውጭ ነው። በርክን አልከስም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁሉን አይሸከምም። ግን እንደ ተማሪ የምትጽፊው ነገር ይኼ ይመስለኛል።

አያትሽን በተመለከተ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እሷን ጠይቂያት። ስልክ አላት አይደል?

ሸገር66

ኧረ ተዉ እንጂ! ዘመናዊ ሆነን ሁሉንም ነገር ነውር ልናደርገው ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ባያምር ማን ያዳምጠው ነበር? ለንደን ውስጥ እራቱን የሚበላ ሰው ማንኪያውን ያስቀመጠው በቁጥር ሪፖርት መሰለሽ? ስንዴው እኮ በሱ ጀርባ ነው የመጣ።

አሚንንም አታቃልይው። ይህ ሰው በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘኑ ሲፈነዳ ሊቀርጽ ሄዶ ክንዱን አጣ። በሰው ሠራሽ ክንድ እንደገና ካሜራ ያዘ። በ1989 ዓ.ም. ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው በተጠለፈው አውሮፕላናችን ውስጥ ሞተ። እንዲህ ያለውን ሰው ሳሎን ቁጭ ብሎ ስለ ሥነ ምግባር ማስተማር ይከብደኛል።

የላስታዋ

@ሸገር66 ሳሎን የለኝም፣ ዶርም ነው ያለሁት፣ ስድስት ሆነን 😅 የአሚንን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

ጋሼ ነኝ

ልጆች፣ እኔ ደግሞ ሌላ ታሪክ ላምጣ። በ1966 ጥቅምት ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን አሳየ። ያ ረሃብ ከዚህኛው አሥር ዓመት ይቀድማል። ፊልሙ እዚህ አገር አልታየም። የታየው በ1967 እንቁጣጣሽ ማታ ነው፣ ጃንሆይ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤታችን ቤት ልጆቹ መሬት ላይ፣ ትልልቆቹ በር ላይ ቆመን አየን። ግን የታየው የሰውዬው ፊልም እንዳለ አልነበረም። ደርግ ቆራርጦ ቀጥሎታል። የወሎ ሕፃን ይመጣል፣ ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ደግሞ የወሎ እናት፣ ቀጥሎ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ውሸት ነበር እንዳልል፣ ምስሉ ሁሉ እውነት ነው። ረሃቡም ተደብቆ ነበር። መቀሱ ግን ነገር ነበረው። ያንን ፊልም ያሳየን መንግሥት ደግሞ አሥር ዓመት ቆይቶ የራሱን ረሃብ ደበቀ። ስለዚህ ልጄ፣ ካሜራ የያዘውን ብቻ አትመርምሪ። የሚቆርጠውንም እዪ። አሁን መቀሱ አንቺ እጅ ላይ ነው፣ 500 ቃል ተባልሽ አይደል?

ሜሪላንድ

እኔ እዚህ ያደግኩት «ኢትዮጵያዊ ከሆንክ እንዴት ወፈርክ?» እየተባልኩ ነው። በምሳ ሰዓት። አራተኛ ክፍል። ስለዚህ ያ ዘገባ ሕይወት አድኗል ሲባል አምናለሁ፣ ግን ትሪዬን ይዤ የቆምኩበት ቦታም ትዝ ይለኛል።

ብርሃን ወልዱን ፈልገሽ አንብቢ። በ1977 መቀሌ ላይ የካናዳ ቴሌቪዥን ልትሞት ስትል የቀረጻት ሕፃን ናት። ፊቷን ለረሃቡ እርዳታ በተዘጋጀው በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ዓለም በሙሉ አየው። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ2005 እንደ ፈረንጆቹ፣ ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ በግብርና የተማረች ወጣት ሆና ወጣች። ዓለም ፊቷን ያውቀዋል፤ ድምጿን ግን የሰማው ያን ቀን ነው።

የላስታዋ

ረቡዕ ማታ ነው። ደወልኩላት።

መጀመሪያ ካርድ አታባክኚ አለችኝ። ከዚያ ዘገባውን እንደምንም ተረጎምኩላት። «ፈረንጅ ነው የጻፈው?» አለች። አዎ አልኳት። ዝም አለች። ስለ ብርዱ ስነግራት «እሱስ እውነቱን ነው» አለች። «ከረሃቡ ብርዱ። ሌሊት ሌሊት ሰው ተቃቅፎ ነው ያደር የነበረ። ጠዋት አንዱ አይነሳም።» እኔ ደግሞ ያንን ቃል ነበር ልከስ የተነሳሁት! ሰውዬው ብርዱን በትክክል ነው የያዘው።

ቀጥሎ መጽሐፍ ቅዱሳዊ የሚለው ላይ ደረስኩ። መምህራችን በጣም ትልቅ ለማለት ነው ብሎን ነበር። እሷ ግን እንደዚያ አልሰማችውም።

«የዮሴፍን ዘመን ነው የሚል? ሰባቱን የከሱ ላሞች?»

«እንደዚያ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው አልገባውም። ዮሴፍ ጎተራ ሞልቶ ጠበቀ። ቢያንስ ጎተራ ነበር። የኛን ማን ሞላ?»

@ጠመኔ ባለቤት ያልከው እሱ ነው መሰለኝ። ያንተን ሳልነግራት ነው እንዲህ ያለችው።

ስለ ሕፃኑ እኔም አላነሳሁ፣ እሷም አላነሳች። ስለ ጽሑፉ ግን ጠየቅኳት። ልጻፍሽ ወይ? «ማን ያነበዋል?» አለች። አንድ መምህር አልኳት። ሳቀች። «ለአንድ ሰው ነው እንዲህ ያስጨነቀሽ?» ከዚያ ትንሽ ቆይታ እንዲህ አለች። «እኔን ተይኝ። ቦራን ጻፊው።»

ቦራ በሬያቸው ነው። ከመሄዳቸው በፊት በሁለት ቁና ማሽላ ለወጡት። ሲወስዱት መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየን አለች። ይህን በሕይወቴ ነግራኝ አታውቅም።

አሁን 340 ቃል ላይ ነኝ። አያቴ የለችበትም፤ ቦራ አለ፣ ጎተራው አለ፣ ብርዱም አለ። አንድ ነገር ብቻ ቸግሮኛል። ቦራን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው? ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬ ብዬ ስጽፈው የገበያ ማስታወቂያ መሰለብኝ።

ጠመኔ

ቦራ ብለሽ ተይው። መምህሩ ይጠይቅሽ።