እናቴን ስልኳን ሳልቀማት እንዴት ላረጋጋት?

እስቲ ምከሩኝ፣ ጨንቆኛል። እናቴ 70 አልፏታል። ሐዋሳ ታቦር አካባቢ አብረን ነው የምንኖረው። እህቴ ከውጭ ስማርት ስልክ ላከችላት። ኢሞ ላይ የልጅ ልጆቿን ስታይ ትስቃለች፣ ትመርቃለች። ያ ሰዓት ሲደርስ ፊቷ ይበራል፤ ይህን አልክድም።

ችግሩ ማታ ነው። ዩቲዩብ ላይ ስብከት ከፍታ ታዳምጣለች። ስብከቱ ሲያልቅ ሌላ ቪዲዮ በራሱ ይቀጥላል፤ "ሰበር ዜና"፣ ጦርነት፣ የሞት ወሬ። አንዴ ካየችው ደግሞ በነጋታው የሚያመጣላት የዚያኑ ዓይነት ነው። እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። ግፊት ስላለባት በጣም እፈራለሁ። ጠዋት ቡና ላይ እንኳ ወሬዋ እሱው ሆኗል።

በራሱ የሚቀጥለውን ዘግቼዋለሁ። ያየቻቸውን ቪዲዮዎች ዝርዝርም አጥፍቻለሁ። ትንሽ ተሻለ፤ በቴሌግራም የሚላክላትስ? ወንድሜ "ስልኩን ውሰጂባትና ተገላገይ" ይላል። ለእሱ ምን አለበት፣ አዲስ አበባ ሆኖ! አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባታል። እኔ ሥራ ውዬ ማታ ነው የምገባው። ስልኩን ብወስድባት በምን ልተካላት? ደግሞ ያሳደገችኝን እናት እንደ ሕፃን መቆጣጠር ይከብደኛል።

እንዲህ የገጠማችሁ እንዴት ተወጣችሁት? ስብከትና መዝሙር ሚሞሪ ላይ ጭኜላት ማታ ማታ ዳታውን ብዘጋው ይከፋት ይሆን? ቅር ሳይላት እንዴት ላስረዳት? እዚህ ሐዋሳ አረጋውያን ቀን ቀን ተሰብስበው የሚጫወቱበት ቦታ የምታውቁም ጠቁሙኝ።