ሁለት የሜታኖል ሰነዶች አልተስማሙም፤ መለያው ላይ የትኛውን ምድብ ልጻፍ?

የመጋዘን ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ኬሚካል መጋዘን ውስጥ ነው። በርሜሎቹ ላይ አዲስ መለያ እንድለጥፍ ታዝዣለሁ። ሜታኖል ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

እጄ ላይ ከሁለት አቅራቢዎች የመጡ ሁለት የደህንነት መረጃ ሰነዶች አሉ። ኬሚካሉ ያው አንድ ነው። የመጀመሪያው «ሲዋጥ፣ ቆዳ ሲነካና ሲተነፈስ መርዛማ፣ ምድብ 3» ይላል። የአካል ክፍል እንደሚጎዳም ጽፏል። ሁለተኛው «በአይጥ፣ በአፍ፣ ኤልዲ 50 በኪሎ ከ5,600 ሚሊግራም በላይ» ብሎ የመርዛማነቱን ቦታ ባዶ ትቶታል። ያሰፈረው ተቀጣጣይነቱን ብቻ ነው።

ኤልዲ 50 ማለት ከተሰጣቸው እንስሳት ግማሹን የሚገድለው መጠን ነው አይደል? ቁጥሩን ራሴ ከጂኤችኤስ (የኬሚካል አደጋን የሚመድበው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ሠንጠረዥ ጋር ሳመሳክረው ሁለተኛው ሰነድ ልክ ይመስላል። ምድብ 4 እንኳ 2,000 ላይ ያበቃል።

ሌላም አለ። በውሃ የቀጠነ የ40 በመቶና የ8 በመቶ ሜታኖልም እናስቀምጣለን። ለእነሱ የራሳቸው ሰነድ የለም። የንጹሑን መለያ ገልብጬ ልለጥፍባቸው? ሠራተኞቹ የሚያዩት መለያውን ብቻ ስለሆነ በግምት መሥራት አልፈልግም።

ቤንዚን ቀለበት፦

ሰላም ወንድሜ። ቀላሉን እናስቀድም፣ አካላዊ አደጋውን።

ንጹሕ ሜታኖል ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ለጋዝና ለጠጣር የተቀመጡትን የአደጋ ዓይነቶች እለፋቸው። ፈንጂ አይደለም፣ ሞለኪዩሉ ላይ እንደ ናይትሮ ወይም ፐርኦክሳይድ ያለ የሚያፈነዳ ቡድን የለም። ሌላውን የሚያነድ ኦክሲዳይዘርም አይደለም። በውስጡ ያለው ኦክስጅን የተያያዘው ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ጋር ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ኦርጋኒክ ውህድ ጂኤችኤስ ለዚያ ፈተና አያቀርበውም።

የሚቀረው ተቀጣጣይነት ነው። እዚህ ሁለት ቁጥር ይበቃሃል፣ ፍላሽ ፖይንትና የመፍላት ሙቀት። ፍላሽ ፖይንት ፈሳሹ በብልጭታ ሊያያዝ የሚችል ትነት መስጠት የሚጀምርበት ዝቅተኛ ሙቀት ነው። የሜታኖል 11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የሚፈላው በ65 ገደማ ነው። ፍላሽ ፖይንቱ ከ23 በታች ሆኖ መፍላት የሚጀምረው ከ35 በላይ ከሆነ ምድብ 2 ነው። መፍያው 35 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ኖሮ ምድብ 1 ይሆን ነበር። ስለዚህ በአደጋ መግለጫው ኮድ ኤች 225፣ «በጣም ተቀጣጣይ ፈሳሽና ትነት» ትላለህ። እዚህ ላይ ሁለቱም ሰነዶች ትክክል ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን በጭንቅ ነው የሚታየው። መለያው ይህን አይነግራቸውምና ለሠራተኞቹ በቃል ንገራቸው።

ጀማሪ ላብ፦

መርዛማነቱን በተመለከተ፣ አንዱ ምድብ 3፣ ሌላው ምንም ካለ መሃሉን ወስዶ ምድብ 4 ማለት አይቻልም? ሁለቱንም ያስታርቃል።

ነጭ ጋዋን፦

አይቻልም። ምድብ በድርድር አይወጣም። ማስረጃውን መመዘን ነው ያለብን፣ ማስረጃው ደግሞ እዚህ ጋ በጣም ግልጽ ነው።

የአይጡ ቁጥር ውሸት አይደለም። አይጥ ሜታኖልን ይቋቋማል። ሰው ግን አይቋቋምም። ጉበታችን ሜታኖልን መጀመሪያ ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይቀይረዋል። ጉዳት የሚያደርሰው በዋናነት ፎርሚክ አሲዱ ነው። አይጥ ይህን አሲድ ቶሎ ሰባብሮ ያስወግደዋል። እኛ የምናስወግደው በዝግታ ስለሆነ ደም ውስጥ ይከማቻል። ደሙ አሲድ ይሆናል፣ የዓይን ነርቭም ይጎዳል። ሕክምና ያላገኘን ሰው ሊገድል የሚችለው መጠን በኪሎ ክብደት ከ300 እስከ 1,000 ሚሊግራም እንደሆነ ነው የሚታወቀው። ከአይጡ ቁጥር ጋር አስተያየው። ዓይን ለማጥፋት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ሊበቃ ይችላል።

ጂኤችኤስ በዚህ ላይ አቋሙ የታወቀ ነው። የታመነ የሰው ማስረጃ ካለና እንስሳው የሰውን ምላሽ እንደማያሳይ ከታወቀ፣ ሚዛን የሚደፋው የሰው ማስረጃ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕጋዊ ዝርዝር ሜታኖልን ኤች 301፣ ኤች 311፣ ኤች 331 እና ኤች 370 የሚለውም ለዚህ ነው። ማለትም ሲዋጥ፣ ቆዳ ሲነካና ሲተነፈስ መርዛማ፣ ሦስቱም ምድብ 3። ከዚያም አንድ ጊዜ በመጋለጥ ብቻ የአካል ክፍል የሚጎዳ፣ ምድብ 1።

ይህ የመጨረሻው እንዳይረሳ። ኤልዲ 50 የሚቆጥረው ሞትን ብቻ ነው። ሰው በሕይወት ተርፎ ዓይነ ስውር ቢሆን በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ዓይነ ስውርነቱን የሚይዘው ኤች 370 ነው። ሁለተኛው ሰነድ ባዶ የተወው ይህንን ነው፣ እኔን በጣም ያሳዘነኝም እሱ ነው።

ምልክቱ ደግሞ ይዘገያል። ሰውየው መጀመሪያ ትንሽ የሰከረ ይመስላል። ከዚያ ደህና የሆነ ይመስላል። የዓይን ብዥታውና የከፋው ሕመም ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሜታኖል የዋጠ ሰው ካለ ምልክት እስኪያሳይ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት።

ባለ ታንከር፦

እኔ የማመላለስ ሰው ነኝ፣ ስለ ጉበት አላውቅም። ግን መጥፎ ሰነድ የምለይበት አንድ ዘዴ አለኝ። ሰነዱ 16 ክፍል አለው። ክፍል 2 አደጋውን ይመድባል፣ ክፍል 14 ስለ ማጓጓዣ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ እያቸው። ሜታኖል የተባበሩት መንግሥታት ቁጥሩ 1230 ነው። በማጓጓዣ ዋና የአደጋ መደቡ 3፣ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነው። ተጨማሪ መደቡ ደግሞ 6.1፣ መርዛማ። የማሸጊያ ቡድኑ ሁለት ነው። ክፍል 14 ላይ «6.1» ተጽፎ ክፍል 2 ላይ ስለ መርዝ ምንም ከሌለ፣ ሰነዱ ራሱን በራሱ እየተቃረነ ነው።

የመጋዘን ልጅ፦

ጋሼ፣ አሁኑኑ ገልጬ አየሁት። ክፍል 14 ላይ 6.1 ይላል! ክፍል 2 ባዶ ነው። የመጀመሪያውን ሰነድ እይዛለሁ፣ ለሁለተኛው አቅራቢም እጽፋለሁ።

ግን ባዶ ቦታን እንዴት ነው የማነበው? የመጀመሪያውም ሰነድ ቢሆን ካንሰር ላይ፣ ቆዳ ላይ፣ መራባት ላይ «አልተመደበም» ይላል።

ጥንቁቋ፦

ጥሩ ጠየቅክ። «አልተመደበም» ብቻውን በቂ መልስ አይደለም። ተፈትኖ ከመስፈርቱ በታች ሆኖ ሊሆን ይችላል። መረጃ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ወይም መረጃው ኖሮ ለመወሰን አይበቃ ይሆናል። ክፍል 11 የትኛው እንደሆነ መንገር አለበት። «መረጃ የለም» ካለ፣ «አይጎዳም» ብለህ ለሰው እንዳትናገር።

መራባት ላይ ደግሞ የአገሮች ዝርዝር ሊለያይ ይችላል። እርጉዝ የላብራቶሪ እንስሳት ከፍተኛ የሜታኖል ትነት ሲተነፍሱ ፅንሱ ላይ ጉዳት ታይቷል። አንዱ ተቆጣጣሪ ያንን ለመመደብ በቂ ነው ሲል ሌላው አይልም። የምትሠራበት አገር ሕጋዊ ዝርዝር ካለው እሱን አስቀድም።

አሁን ወደ ድብልቆቹ። የንጹሑን መለያ አትገልብጥ። ድንገተኛ መርዛማነት (ሲዋጥ፣ ቆዳ ሲነካና ሲተነፈስ ያልነው) በስሌት ይወጣል። ምድብ 3 ለሆነ ነገር ጂኤችኤስ የሚሰጠው የስሌት ዋጋ በአፍ በኪሎ 100 ሚሊግራም፣ በቆዳ 300፣ በትነት ደግሞ በሊትር 3 ሚሊግራም ነው። ውሃው መርዝ ስላልሆነ አይቆጠርም። እናም ዋጋውን ለሜታኖሉ ድርሻ ታካፍላለህ። መቶኛው በክብደት መሆን አለበት።

40 በመቶው በአፍ፣ 100 ለ0.40 ሲካፈል 250። ይህ ከ50 እስከ 300 ውስጥ ስለሆነ አሁንም ምድብ 3 ነው። በቆዳ 750፣ በትነት 7.5 ይወጣል። ሁለቱም ምድብ 3 ናቸው። የአካል ክፍል ጉዳቱ በስሌት ሳይሆን በመቶኛ ገደብ ነው የሚታየው። ምድብ 1 የሆነ ነገር 10 በመቶና ከዚያ በላይ ካለ ድብልቁም ምድብ 1 ነው። ስለዚህ 40 በመቶው በጤና በኩል ከንጹሑ አንድም ዝቅ አይልም።

8 በመቶው ሌላ ታሪክ ነው። በአፍ 1,250 ይወጣል፣ ምድብ 4። በቆዳ 3,750፣ በትነት 37.5። ሁለቱም ከምድብ 4 ጣሪያ ስለሚያልፉ በእነዚህ በኩል አይመደብም። የአካል ክፍል ጉዳቱ ወደ ምድብ 2 ይወርዳል፣ «ሊጎዳ ይችላል» ወደሚለው።

ጀማሪ ላብ፦

8 በመቶው 92 በመቶ ውሃ ነው። እሱ እንኳ አይነድም፣ የነበልባሉን ምልክት ማንሳት ይቻላል።

ቤንዚን ቀለበት፦

ሳይለካ አይነሣም። ሜታኖል ከውሃው ቀድሞ ይተናል። ከፈሳሹ በላይ ያለው ትነት ከፈሳሹ ይልቅ በሜታኖል የበለጸገ ነው። ተቀጣጣይ ፈሳሽ የሚባለው ክልል እስከ 93 ዲግሪ ይደርሳል። ከ23 እስከ 60 ምድብ 3፣ ከዚያ በላይ እስከ 93 ምድብ 4 ነው። ፍላሽ ፖይንት እንደ መርዛማነቱ በቀላል ማካፈል አይወጣም። የ40ውንም የ8ቱንም ናሙና ላብራቶሪ ስጥ።

የመጋዘን ልጅ፦

እሺ፣ ናሙና እልካለሁ። አንድ ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። አሮጌው በርሜል ላይ ባለአራት ቀለም ምልክት አለ። ቀዩ ላይ 3 ይላል። እናንተ ግን ተቀጣጣይነቱ ምድብ 2 ነው አላችሁ። የትኛው ይበልጣል? ደግሞስ ለንጹሑ ስንት ምልክት ነው የማደርገው?

ጥንቁቋ፦

ያ ባለአራት ቀለሙ የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር ሥርዓት ነው። ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የተሠራ ነው። እዚያ ከ0 እስከ 4 ሲሆን የከፋው 4 ነው። በጂኤችኤስ የከፋው 1 ነው። አቅጣጫቸው ተቃራኒ ስለሆነ ቁጥሩን ከአንዱ ወደ ሌላው አትውሰድ። ይህን ለሠራተኞቹም አስረዳ። «ምድብ 1 ማለት ትንሽ አደጋ ነው» የሚል ሰው ሁሌም ይኖራል።

ለንጹሑ ሦስት ምልክት ነው የምታደርገው፣ ነበልባል፣ የራስ ቅልና አጥንት፣ ደረቱ ላይ ኮከብ ያለበት ሰው። የማስጠንቀቂያ ቃሉ «አደገኛ» ነው፣ አንዴ ብቻ ይጻፋል። የራስ ቅሉ ካለ ለድንገተኛ መርዛማነት የቃለ አጋኖ ምልክት አትጨምርም። 8 በመቶው ላይ ግን የራስ ቅሉ ይወጣና ቃለ አጋኖው ይገባል። ኮከቡ ያለበት ሰው ይቆያል። ቃሉም «ጥንቃቄ» ይሆናል። ነበልባሉን በላብራቶሪው ውጤት ትወስናለህ።

ነጭ ጋዋን፦

መለያው ላይ ስለ ዓይን ነርቭ በግልጽ ጻፍ እባክህ። ኤች 370 የሚጎዳው አካል ከታወቀ ስሙን እንድትጠቅስ ይፈቅዳል። «የአካል ክፍል ይጎዳል» እና «የዓይን ነርቭን ይጎዳል» ለአንባቢው እኩል አይደሉም።

የመጋዘን ልጅ፦

እጽፈዋለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ላብራቶሪው ውጤት ሲሰጠኝ የማየው ነገር አለ?

ቤንዚን ቀለበት፦

አለ። ፍላሽ ፖይንቱ በዝግ ዕቃ የተለካ መሆኑን አረጋግጥ። የጂኤችኤስ ገደቦች የተቀመጡት በዚያ ነው። ክፍት ዕቃ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ስለሚሰጥ ድብልቁን ሳይገባው ወደ ቀለለ ምድብ ሊያወርደው ይችላል። የተጠቀሙበትን ዘዴ ወረቀቱ ላይ ካላሰፈሩት አስጽፋቸው።