የጭንቅላት እንቅስቃሴ ጥናቴን ይዞብኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ለማስተርስ መመረቂያዬ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ እያየሁ ነው። ዳታው በ2012 እ.ኤ.አ. ለሁሉም የተከፈተው አባይድ (ABIDE) የተባለ የአንጎል ምስሎች ስብስብ ነው፤ 1112 ሰዎች አሉበት፣ 539ኙ ኦቲዝም ያለባቸው፣ የቀሩት የሌለባቸው። የቸገረኝ እንቅስቃሴ ነው። ልጅ የአንጎል ምስል በሚያነሳው ኤምአርአይ ውስጥ ትንሽ ሲነቃነቅ የሩቅ ክፍሎች ግንኙነት የደከመ፣ የቅርቦቹ ደግሞ የጠነከረ ይመስላል። ስለ ኦቲዝም ሲባል የኖረውም ይኸው ነው! የተነቃነቁትን ምስሎች ከዳታው ሳወጣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ሊጠፋ ምንም አልቀረው። የባሰው ደግሞ፣ አብረው የሚወጡት ይበልጥ ድጋፍ የሚሹት ልጆች ናቸው። እነሱን ትቼ ስለ ኦቲዝም መጻፍ ይከብደኛል። የእንቅስቃሴውን መጠን የስታቲስቲክስ ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት ይበቃል ወይስ ሁለቱን ቡድኖች በእንቅስቃሴ ማመጣጠን ይሻላል? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።