የቮልስ ነዳጅ ጌጅ ባዶ ላይ ቆሞ ቀረ

የአባቴ ቮልስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፈረንጅ የ1971 ስሪት ቮልስ አለችኝ፤ ከአባቴ የወረስኳት ናት። የነዳጅ ጌጇ ባዶ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ሙሉ አስሞልቼም ንቅንቅ አይልም። ከዚያ በፊት ጉድጓድ በመታሁ ቁጥር ይዘል ነበር። አሁን ኪሎ ሜትር እያሰላሁ ነው የምነዳው። በዚህ የነዳጅ ሰልፍ መንገድ ላይ መቅረት ደግሞ ያስፈራል። አንድ ጋራዥ «ሴንደሩ (የነዳጁን መጠን ለጌጁ የሚነግረው ዕቃ) ይቀየር» አሉኝ። አጽድቶ ማዳን አይቻልም?

ሚኒባስ 12፦
እኔ ብሆን ሶማሌ ተራ ወርጄ አዲስ ገዝቼ እገላገላለሁ።

የድሮ ኤሌትሪሻን፦
አትቸኩል ልጄ። አዲስ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ልክ አያነብም። የድሮው የጀርመን ሴንደር ከዳነ እሱን የመሰለ የለም።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለይ። ኮፋኖውን ክፈትና የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ አንሳ። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) አናት ላይ በአምስት ብሎን የታሰረው ክብ ነገር ሴንደሩ ነው። የመኪናው ቁልፍ ተዘግቶ እያለ ገመዱን ንቀል። ረዘም ያለ ሽቦ ቀጥልበትና ከሰልባትዮው ራቅ አድርገህ ከቦዲው ጋር እሰረው። አሁን ቁልፉን ክፈት። ጌጁ ቀስ እያለ ወደ ሙሉ ከወጣ ጌጁም ገመዱም ደህና ናቸው፤ ቶሎ ዝጋው። ካልተነሳ ግን ሴንደሩን አትንካ። ችግሩ ገመዱ ላይ ወይም ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጀርባ ካለችው ቮልቴጅ መጣኝ ላይ ነው። ጌጁን ደግሞ በምንም ምክንያት በቀጥታ ከ12 ቮልት ጋር እንዳታገናኘው፣ ይቃጠላል።

የአባቴ ቮልስ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ፣ ሙሉ ድረስ ወጣ!

የድሮ ኤሌትሪሻን፦
ጎሽ! እንግዲያው ሴንደሩ ነው። ነዳጁ ጎደል ይበል፣ መኪናዋ ደጅ ትውጣ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል። ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብህ አይድረስ፤ ይሄን የምለው ከልቤ ነው። ዙሪያውን አቧራ ጥረግ፣ አቀማመጡን ምልክት አድርግበት፣ ከዚያ ፍታው።

ቱቦ ይወጣልሃል። ታች ያለውን ማሰሪያ ስትፈታ ቱቦው ይላቀቃል። ውስጡ ተንሳፋፊ አለ፤ ግራና ቀኝ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተወጥሯል። ተንሳፋፊው ሁለቱን ሽቦዎች እያገናኘ ይወጣል ይወርዳል። ነዳጅ ሲጎድል ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት ሽቦ ይረዝማል፣ ኦሙ (ኤሌክትሪክ የመቋቋም ልኩ) ይጨምራል፣ ጌጁ ይወርዳል። ያ ዝላይ የመጣው ሽቦው ዝጎ ወይም ቆሽሾ ስለሆነ ነው። አሁን ጭራሽ ከሞተ ወይ መነካካቱ ተቋርጧል፣ ወይ ሽቦው ተበጥሷል።

ብርጭቆ ወረቀት እንዳታስጠጋበት! ለስላሳ ብሩሽና የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ ይበቃል፤ ወደ ሽቦው ርዝመት ብቻ፣ ቀስ ብለህ። የተንሳፋፊውን መነካኪያዎችም አትርሳ። ተንሳፋፊውን ጆሮህ ላይ አድርገህ ነቅንቀው፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ነዳጅ ገብቶበታል፣ አይንሳፈፍም።

ገጥመህ በቴስተር ለካ። ሴንደሩ ቆሞ ወደ 73 ኦም፣ ተገልብጦ ወደ 10 ኦም ማንበብ አለበት። ቀስ እያልክ ስታዘነብለው ቁጥሩ ሳይቆራረጥ ከሄደ ድኗል። ሽቦው ጫፉ ላይ ከተበጠሰ ጎበዝ የሬዲዮ ጠጋኝ በሊድ ይመልሰዋል። መሃሉ ላይ ከሆነ ግን አትልፋ፣ ያኔ ቀይረው።

የአባቴ ቮልስ፦
ሽቦው አልተበጠሰም፤ አረንጓዴ ዝገት ነበር የሸፈነው። አሁን 71 እና 11 ያነባል። ጓርኒሲዮኑ (ከሴንደሩ ሥር ያለው ማሸጊያ) ግን ስፈታው ተፈረካከሰ። ሲልከን ልቀባው?

የድሮ ኤሌትሪሻን፦
ተራውን ሲልከን ቤንዚን ይበላዋል፣ ተወው። ቤንዚን ከሚችል ጎማ ወይም ከቡሽ በልኩ አስቆርጥ። ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቅህ አጥብቅ። ስትጨርስ ሙሉ አስሞላና አሽትት፤ ሽታው ውስጥ ከገባ እንደገና ፍታው።