የተወካያችንን ትክክለኛ ትኩረት በምን እንለያለን?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የምኖር መራጭ ነኝ። በግዛቲቱ ምክር ቤት ያሉት የወረዳችን ተወካይ ስማቸው በብዙ ረቂቅ ሕጎች ላይ ሰፍሮ አገኘሁት፤ በእርግጥ ቅድሚያ የሚሰጡት ለየትኛው ጉዳይ እንደሆነ በምን ልለይ?

መልስ 1፦ ዋና አቅራቢ የሆኑባቸውን ለይተው ይመልከቱ። አንድ አባል ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር በዓመት ከ5 በላይ ረቂቅ ማቅረብ ስለማይችል፣ እነዚያን 5 ዕድሎች ለምን እንዳዋሏቸው ማየት ከምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት የበለጠ ይናገራል። ተባባሪ ፈራሚነት ብዙ ጊዜ ድጋፍን ከመግለጽ አያልፍም።

መልስ 2፦ በኮሚቴ የወደቀውንም አይናቁ። እ.ኤ.አ. በ1988 መራጮች ባጸደቁት የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ምክንያት ረቂቅ ሁሉ በኮሚቴ ታይቶ ድምፅ ይሰጥበታል። እኔ ስለ ቤት ኪራይ በቀረበ ረቂቅ ላይ ቀርቤ ስመሰክር፣ አቅራቢው እስከ ማታ ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ተከራይ ሲያዳምጡ አይቻለሁ፤ ረቂቁ ቢወድቅም በቀጣዩ ዓመት አሻሽለው መልሰው አቀረቡት።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ረቂቆች ዛሬውኑ አነጻጽራለሁ።