ለሞት ምክንያት ምርመራ መንግሥት በጀት ይመድብ ወይስ ቅንጦት ነው?

አወያይ፦ የዛሬው ርዕስ ከበድ ይላል። ሰው በድንገት፣ በአደጋ ወይም በማይታወቅ ምክንያት ሲሞት መንስኤውን የሚያጣራ አካል አለ። በብዙ አገር ወጪው የአካባቢ አስተዳደር ሸክም ነው። ገንዘብ ያለው ወረዳ ያስመረምራል፤ የሌለው ወረቀት ሞልቶ ያስቀብራል። ታዲያ ማዕከላዊ መንግሥት ለምርመራውም፣ ለፎረንሲክ ፓቶሎጂ (አስከሬን መርምሮ ለፍትሕ የሚሆን የሞት መንስኤ ለሚለይ የሕክምና ሙያ) ሥልጠናም ገንዘብ ያውጣ? እኔ ያውጣ ባይ ነኝ። እስቲ ተሟገቱኝ።

ግብር ከፋይ፦ እኔ አያውጣ ባይ ነኝ። የሞተ ተጎዳ። አምቡላንስ ነዳጅ አጥቶ ቆሞ፣ ወላድ አልጋ እየጠበቀች፣ በየትኛው ሞራል ነው ለሬሳ ክፍል ማቀዝቀዣ የምንገዛው? ያውም ተመርምሮ ተመርምሮ መልሱ ብዙ ጊዜ «ልቡ ነው» ነው።

ሬዚደንቷ፦ እኔ የፓቶሎጂ ሬዚደንት ነኝ፤ በሽታን ከአካልና ከናሙና በመለየት ሙያ ስፔሻላይዝ እያደረግሁ ያለሁ ሐኪም ማለት ነው። እኛን የምታስፈራን እሷው «ልቡ ነው» የምትለዋ ናት። እንበል አንድ የደም ግፊት ያለባቸው አዛውንት በተከራዩት ክፍል ሞተው ተገኙ። ማንም ሳያጣራ «የልብ ሕመም» ተብሎ ተጻፈ። የክፍሉ ማሞቂያ ግን ጭሱን ወደ ውጭ አያስወጣም። በሳምንቱ እዚያው ክፍል ሌላ ተከራይ ይገባል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ምልክት አለው። ሰው ሲሞት ደም ወደ ታች ወርዶ ይረጋል፤ ቆዳው እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ሐምራዊ ይጠቁራል። በዚህ መርዝ ከሆነ ግን ደመቅ ያለ ሮዝ ይሆናል። ታዲያ እንዳትቸኩሉ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ አስከሬንም ሮዝ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለይም፤ ደም ተወስዶ መለካት አለበት። መጠርጠር የሚችል ሰውና የሚለካ ላብራቶሪ ከሌለ ሁለተኛውም ተከራይ «ልቡ ነው» ይባላል።

ግብር ከፋይ፦ እሺ ዶክተር፣ ይሄ ገብቶኛል። ግን ለዚህ ስፔሻሊስት ምን ያደርጋል? ጠቅላላ ሐኪም ደም ይቅዳ፣ ላብራቶሪ ይላክ፣ በቃ።

ጠበቃው፦ «በቃ» የምትለዋን ያዝ አድርጋት፣ ወንድሜ። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ቻርልስ ስሚዝ የሚባል የሕፃናት ፓቶሎጂስት ነበር። ስሙ የገነነ ሰው ነው። የፎረንሲክ ፓቶሎጂ መደበኛ ሥልጠና ግን አልነበረውም። ለዓመታት የሞቱ ሕፃናትን እየመረመረ ፍርድ ቤት መሰከረ። በኋላ 45 ጉዳዮቹ በሌሎች ባለሙያዎች ሲታዩ በ20ዎቹ ላይ ችግር ተገኘ። አንድ ሰው የወንድሙን ልጅ ገድለሃል ተብሎ 12 ዓመት ታስሯል። ከሞት በኋላ በማንም አስከሬን ላይ የሚመጣ ለውጥ እንደ ጥቃት ምልክት ተቆጥሮበት ነው። ነጻ የወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ የዳኛ ስቲቨን ጎጅ አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርቱን አወጣ፤ በ2009 ግዛቲቱ ራሱን የቻለ የፎረንሲክ ፓቶሎጂ አገልግሎት አቋቋመች። ስሚዝ እንኳን ጠቅላላ ሐኪም ሊሆን፣ ፓቶሎጂስት ነበር።

ቴክኖው፦ ኧረ ዘመኑን እዩት! የሰውነትን ውስጥ ሳይከፍት የሚያነሳ ሲቲ ስካን እያለ አስከሬን ስለሚከፍት ቢላ እናወራለን እንዴ? ሜልቦርን ያለው የቪክቶሪያ የፎረንሲክ ሕክምና ተቋም ከ2005 ጀምሮ አስከሬን በሲቲ ያነሳል። ቤተሰብም ይወደዋል፤ አስከሬኑ አይነካም።

ሬዚደንቷ፦ ሲቲ ስካን ለስብራት፣ ጭንቅላት ውስጥ ለፈሰሰ ደም፣ ለቀረ ጥይት ግሩም ነው። መርዝ ግን አያሳይም። የልብ ሥር መዘጋቱንም ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ደግሞ ምስሉን የሚያነብ ሰው ከየት ይመጣል? ዞሮ ዞሮ ሥልጠና ነው።

አወያይ፦ ርካሽ መንገድ ለሚፈልግ የእንግሊዝን ልጨምር። ሃሮልድ ሺፕማን የሚባል ሐኪም በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 15 ታካሚዎቹን ገድሎ ተፈረደበት። አጣሪ ኮሚሽኑ ሟቾቹን 215 አደረሳቸው። ራሱ ይገድላል፣ ራሱ የሞት ወረቀቱን ይፈርማል። ያንን ለመዝጋት ሌላ ሐኪም ወረቀቱን እንዲያይና ቤተሰብ እንዲያናግር ተባለ። በእንግሊዝና በዌልስ ግዴታ የሆነው ግን መስከረም 2024 ነው። ሁለት አሥርት ዓመት አለፈው!

ግብር ከፋይ፦ ይሄን ወድጄዋለሁ። ሁለተኛ ዓይን፣ ያለ ቢላ፣ ያለ ማሽን።

ሬዚደንቷ፦ ጥሩ ማጣሪያ ነው፤ ግን «ይሄ ይመርመር» ብሎ የሚያስተላልፈው ለማን ነው? አሜሪካን የሚያክል አገር በ2009 የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚው ሪፖርት ሲወጣ የሙሉ ጊዜ ፎረንሲክ ፓቶሎጂስቶቹ 500 ገደማ ነበሩ። ከሕክምና ትምህርት በኋላ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሬዚደንሲ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ፌሎውሺፕ፣ ማለትም የፎረንሲኩን ልዩ ሥልጠና፣ ትማራለህ። ጨርሰህ የምታገኘው ደመወዝ ሆስፒታል ከቀረው ጓደኛህ ያንሳል። ማን ይመጣል? የሙያ ማኅበራቸው አንድ ሐኪም በዓመት ከ250 በላይ አስከሬን ባይመረምር ይመረጣል ይላል፤ 325 ካለፈ ተቋሙ እውቅናውን ሊያጣ ይችላል። ሰው ከሌለ ያሉት ላይ ይቆለላል። የደከመ ሐኪም ደግሞ ይስታል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፌዴራል መንግሥቱ ለፌሎውሺፕ ድጋፍ መስጠት የጀመረው ወዶ አይደለም።

ተጠራጣሪ፦ ሁላችሁም ስለ ገንዘብ ታወራላችሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሰውየው የሞተው እስር ቤት ቢሆንስ? መርማሪ ሐኪሙን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት፣ የሚያመላልሰው የፖሊስ መኪና። «ሲወድቅ ጭንቅላቱን መታው» ብሎ ቢጽፍ ማን ይገርመዋል?

ጠበቃው፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታደሰው የተባበሩት መንግሥታት የሚኒሶታ ፕሮቶኮልም፣ አጠራጣሪ ሞት እንዴት እንደሚመረመር የሚያሳየው መመሪያ፣ ምርመራው ገለልተኛ ይሁን ይላል። ግን ዳኛም ደመወዙን ከመንግሥት ነው የሚያገኘው። ዋናው ማን ይሾመዋል፣ ማን ያባርረዋል የሚለው ነው። ተቋሙ ከፖሊስ ተነጥሎ ከጤና ወይም ከዩኒቨርሲቲ ጋር ይሁን። ቤተሰብ የራሱን ሐኪም ማቅረብ ይቻለው። ይሄ በሕግ ሳይጻፍ ገንዘቡ ቢለቀቅ እኔም ከአንተ ጋር እቆማለሁ።

ግብር ከፋይ፦ እንግዲያው የእኔን ዋጋ ልንገራችሁ። መንግሥት ያስተምር፤ ተማሪው ግን ግዴታ ይግባ። ሦስት ዓመት ባለሙያ በሌለበት አካባቢ ያገልግል። በእኔ ግብር ተምሮ ሲያበቃ የግል ሆስፒታል መግባት የለም።

ሬዚደንቷ፦ ሁለት ዓመት። ላብራቶሪው ቀድሞ ከተሠራ እኔው መጀመሪያ እፈርማለሁ። ናሙናው ወራት ወረፋ የሚጠብቅ ከሆነ ግን እዚያ ቁጭ ብዬ የምጽፈው «አልታወቀም» ነው።

ግብር ከፋይ፦ ሁለት ተኩል።

ተጠራጣሪ፦ ተደራደሩ፣ ተደራደሩ። አለቃዋ ማን እንደሚሆን ግን እስካሁን አልነገራችሁኝም።